የአራስ ቅቤ

እማዬ ከስታ ከስታ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ሲላት፣ ዘመሮ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጎ አየና ወደ እኔ ዞረ። «ሰውነቷ ስብ አጥቶ የራሱን ሥጋ እየበላ ነው። ሽሮ ብቻ አይሆንም። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ስጧት» አለኝ። ለሱ አፍ ቀላል ነው። ሁዳዴ ከገባ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር።

እሷማ «በስተርጅና ልገድፍ?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የንስሐ አባታችንን ለምኜ አመጣሁ። «ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ፈትቼሻለሁ» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ፣ «እርስዎ ቢፈቱኝም ሆዴ አልፈታኝም፣ አባቴ» አለቻቸው። እኔ ንድድ አልኩ፤ እሳቸው ግን ባርከዋት ወጡ።

ለጾም የሚሆን ቅባት እኛ ደጋ ላይ ተልባ ነው። ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በጥብጬ ሰጠኋት። ጥቂት ተጎንጭታ «ደረቴ ላይ ቆመ» አለች። ከቆላ የመጣ የኑግ ዘይት ሽሮዋ ላይ ጠብ ባደርግላትም ያው ሆነ። በየቀኑ ስታንስ እያየሁ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

አንዲት የምትታለብ ላም አለችን፤ በጾሙ ወተቷ አይጠጣም፤ ተንጦ ቅቤው ይጠራቀማል። እማዬ አቅም ሳይከዳት አንጥራ ማሰሮ ሞልታ፣ አፉን በሊጥ አሽጋ ጓዳ አስቀምጣዋለች። ፋሲካ ሲደርስ እንግዲህ ምን ምክንያት አላት ብዬ ማሰሮውን ላነሳ ስል፣ «እሱን አትንኪ፣ የአራስሽ ነው» አለችኝ። የመጀመሪያዬን አርግዤ ሰኔን እጠብቅ ነበር። ላሚቷ ነጥፋለች፤ ሌላ ቅቤ ከየት ይመጣል?

«እማዬ፣ እየሞትሽ እኮ ነው!» አልኳት። ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ።

«ለኔ ቅቤ ውሃ በወንፊት ነው። አራስ ግን ቅቤ ካጣች ወገቧ አይጠናም፤ ጡቷም አይሞላም።»

ከፋሲካው በግ ላት ጠብሼ አቀረብኩላት። ቆረስ አድርጋ መልሳ እኔኑ አጎረሰችኝ። ዳግማ ትንሣኤ ሳይደርስ ቀበርናት።

በሰኔ ወለድኩ። የጎረቤት ሴቶች መጥተው ገንፎ አገነፉ፤ ማሰሮውንም ከፈቱት። የገንፎውን መሐል አጎድጉደው ቅቤዋን ሞሉበትና «ብዪ እንጂ» አሉኝ። አልበላም ልል ነበር፤ ግን ርቦኛል። በላሁ። ጣፈጠኝ፤ ጣቴን ላስኩ። ማሰሮው ባዶ እስኪሆን በየቀኑ በላሁ። ወገቤም ጠና፤ ጡቴም ሞላ። ልክ እንዳለችው ሆነ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።