የሁለቱ ልጆች ማዕድ

ተፋላሚው ጉንጂ ቅጠል ሲረግፍ መሸነፍ ጀመረ፤ በረዶው መጥቶ ሲሄድም ገና እየተሸነፈ ነበር። እኔ ጃፓን፣ ካዋሳኪ ከተማ ውስጥ ከሬስሊንግ ትግል ማሠልጠኛው ጀርባ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የጀማሪዎቹን ጭንቅላት ስላጭ ስላረጀሁ፣ ስለዚህ ስፖርት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ባይ ነኝ። እሑድ እሑድ ከግጥሚያ በኋላ የሺዙኤ ምግብ ቤት ተሰብስበን ስንጨቃጨቅም ቀድሜ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

«ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ድርጅት እየቀጣው ነው» አልኩ። «ውሉ ሊያልቅ ነው። ሌላ ጋ ሊሄድ መሆኑን ሰምተው ስሙን እያረከሱት ነው።»

«አጎቴ ኩዋባራ፣ ለእርስዎ ሁሉም ነገር ቅጣት ነው» አለች ሚካሚ። ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። «እያዘጋጁት ነው እንጂ! ዝቅ ዝቅ አድርገውት የሰዉ አንጀት ሲንሰፈሰፍ፣ በአበባው ወር ሻምፒዮኑን ያስጥሉታል። ይሄን ለማወቅ ፀጉር ማሸበት አያስፈልግም።»

«ፀጉሩን ለኔ ተይልኝ፣ እንጀራዬ ነው። ሻምፒዮን ሊያደርጉት የፈለጉትን ሰው በጀማሪ ያስጥሉታል?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

በሬስሊንግ ትከሻው መድረክ ላይ ተጭኖ ዳኛው ሦስት የቆጠረበት ይሸነፋል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን አስቀድሞ የሚደለድል ሰው አለ። ደጋፊ ይህን እያወቀ ይጮኻል፣ እያወቀ ያለቅሳል። ክርክራችንም የዚያ ደልዳይ ሆድ ውስጥ ምን አለ በሚለው ላይ ነበር። ሺዙኤ ግን በክርክራችን ገብታ አታውቅም። የኛን ጠርሙስ ታነሳና ጥግ ላይ ወዳለችው ገበታ ሄዳ ማዕድ ታሰናዳለች።

ሺዙኤ ከሰሜን ጠረፍ የመጣች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በእነሱ መንደር ወንዱ ባሕር ሲወጣ፣ ቤት የቀረችው ሴት እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ምግብ ታቀርብለታለች። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ክዳን ባለው ሳህን ትኩስ ሾርባ። በሄደበት እንዳይራብ ነው። ኋላ ክዳኑ ይገለበጣል፤ ውስጡ ጤዛ ከያዘ ሰውየው ደህና ነው። ደረቅ ከሆነስ? ስለ ደረቁ አያወሩም።

ባሏ በወጣትነቷ ሲሞት አንድ ልጇን ኮሄይን ይዛ እዚህ መጣች፤ ሳህን እያጠበች፣ ኋላም የራሷን ምድጃ አቁማ አሳደገችው። ኮሄይ ማሠልጠኛው የገባው ከጉንጂ ጋር በአንድ ቀን ነው። ሁለቱም ጥግ ላይ ባለችው ገበታ አፍ ለአፍ ገጥመው ይበሉ ነበር፤ ጉንጂም እናት ስላልነበረው «እናቴ» ይላታል። በጥንድ መጋጠም ሲጀምሩና ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ ሺዙኤ ሁለት ማዕድ ጎን ለጎን ታስቀምጥላቸው ነበር። ኮሄይ ያን ያህል ጎበዝ ተፋላሚ አልነበረም፤ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ሆኖ ነው ዛሬ የምናወድሰው። ባለፈው በጋ፣ ለግጥሚያ በሄዱበት ሆቴል እንደተኛ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ጠዋት ሊቀሰቅሰው የገባው ጉንጂ ነበር።

ከዚያም ወዲህ ሺዙኤ ሁለት ማዕድ ማቅረቧን አልተወችም። አይተናል፤ አንዳችንም ደፍረን አልተናገርንም።

የጉንጂን ክዳን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ዕቃ ላግዛት ብዬ ጥግ ሄድኩና ሁለቱንም ገለበጥኩ። የጉንጂ ሾርባ ገና ይጨሳል፤ ክዳኑ ግን አሁን ከመደርደሪያ የወረደ ይመስል ድርቅ ብሏል። የኮሄይ ክዳን ጤዛው ሞልቶ በጣቴ ላይ ወረደ፤ ውኃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

«ሺዙኤ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች ከእጄ ተቀብላ። «ለማንም እንዳትናገር።»

ከሻምፒዮኑ ጋር የሚገጥምበት እሑድ ሲቃረብ ጉንጂ ራሱ መጣ። እኩለ ቀን ነው፤ ከኔና ከሚካሚ በቀር ሰው የለም። ያ ተራራ የሚያህል ሰው ልብሱ ሰፍቶታል። ሚካሚ አላስቻላትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድርጅቱ ለምንድን ነው የሚያስሸንፍዎት?»

«ማን ተሸነፍ አለኝ?» አለ። «ሁሉንም እንዳሸንፍ ነው የተደለደለው። ሁሉንም።»

እነዚያን ወራት ሁሉ የተከራከርነው በባዶ ነበር።

«ዳኛው ሁለት ሲል ትከሻዬን ማንሳት አለብኝ» አለ ጉንጂ። «ሁለት ሲል እሰማለሁ። ከላዬ የተኛው ልጅ ‹ኧረ ተነስ፣ ጋሼ› እያለ በጆሮዬ ይለምነኛል። የያዘኝ እሱ አይደለም። ከሥር ነው። ከመድረኩ ሥር እጅ ይመጣና ትከሻዬን ይጨብጠኛል። ዳኛው ያየውን ነው የሚቆጥረው፤ ሦስት ይላል።» ቀና አላለም። «እጁን አውቀዋለሁ። የግራ አውራ ጣቱ አይታጠፍም።»

የኮሄይ የግራ አውራ ጣት በልምምድ ተሰብሮ እንደተገተረ የቀረ ነበር። ሺዙኤ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እሑድ ሻምፒዮኑ ከላይኛው ገመድ በሁለት ጉልበቱ ይዘልብኛል። ተንከባልዬ ማምለጥ አለብኝ። ኮሄይ ከሥር ከያዘኝ ግን የሻምፒዮኑ ጉልበት ደረቴ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ታዲያ ግጥሚያው ይቅር አይሏቸውም?» አለች ሚካሚ።

«ምን ብዬ? የሞተ ጓደኛዬ ያዘኝ ብዬ?» ሊስቅ ሞከረ። «ክፋት የለውም እኮ፣ እናቴ። ብቻውን መብላት አይወድም ነበር።»

ሺዙኤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «የሕያው ምግብ ገበታ ላይ፣ የሙት ግን የቤት መሠዊያ ላይ ነው። ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ሁለታችሁን አንድ ገበታ ላይ አስቀመጥኳችሁ፤ እሱም ከአንተ ሳህን እየበላ ነው። አውቄ ነው፣ ጉንጂ። ክዳንህ ሲደርቅ እያየሁ ነው። ልጄን ከገበታ ማንሳት አቅቶኝ ነው።»

ጉንጂ ተነስቶ በግንባሩ እጇን ነካና ወጣ።

እሑድ ጠዋት ወደ አዳራሹ ልወስዳት ስሄድ ሺዙኤ ጥግ ቆማለች። የኮሄይን ሩዝ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ጓዳ ወዳለው የቤቱ መሠዊያ ወስዳ ከባሏ ፎቶ ጎን የልጇን ፎቶ አቆመች። ከዚያ የመብያ እንጨቶቹን ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጋ ተከለች። ያ ለሬሳ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ልጅ ገበታ ላይ ቢያደርገው እጁ ይመታል። የጉንጂን ክዳን ለማየት እሷም ፈራች፣ እኔም ፈራሁ።

አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጉንጂ መሐል ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ ሻምፒዮኑ ገመዱ ላይ ወጣ። እኔ ጉንጂን ብቻ ነበር የማየው። ሊንከባለል ትከሻውን አነሳ፤ በትከሻው ሥር ያለው የመድረክ ጨርቅ አብሮት ተነሳ፤ ከሥር የያዘው ሰው እንዳለ ተወጠረ። ይህን በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ፤ የማያምነኝ ሌላ ፀጉር ቤት ይሂድ።

ሺዙኤ ብድግ አለች።

«ኮሄይ!» ብላ ጮኸች። «ልቀቀው! ያንተ እቤት ነው ያለው፤ ለብቻው ሠርቼልሃለሁ!»

ሻምፒዮኑ ሲዘል ጨርቁ ተለጠጠና ድንገት ረገበ። ጉንጂ ተንከባለለ። የሻምፒዮኑ ጉልበቶች ባዶ ላይ አረፉ፤ መድረኩ ጮኸ። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጉንጂ ተነስቶ ጣለውና ሦስት ተቆጠረ። ሚካሚ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። ከኋላችን አንድ ሰውዬ «አላልኩም? ድልድሉ ይሄ ነበር!» እያለ የጓደኛውን ጀርባ ይደበድባል።

ሺዙኤ ግን ወደ መድረኩ አታይም። ዓይኖቿ በመተላለፊያው ላይ ናቸው፤ ከመድረኩ ወርዶ ቀስ እያለ ወደ በሩ የሚሄድ ሰው እንደምትከተል ፊቷ አብሮ ይዞራል። አጠገባችን ሲደርስ ጉልበቴን ብርድ ነካኝ። እኛ ዘንድ ከቤት ለሚወጣ ሰው «ሄደህ ና» እንላለን፤ ለባልም፣ ለደንበኛም፣ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅም። እሷ ወገቧን አጠፍ አድርጋ እጅ ነሳች።

«ሂድ፣ ልጄ» አለች። ና አላለችም።