ገመዱና ሁለቱ ወደቦች

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ነገር ገመድ መግመድ ነው። የአገራችን የጋራ ሳር መሬት፣ ጓሳው፣ ለአጨዳ ተከፍቶ ስለነበር ድርሻችንን አጭደን አምጥተናል። እሱ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ያከርራል፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሳር እጨምራለሁ።

«አታላሊው እንጂ! ይኼ እኮ በግም አያስር።»

«አንተን ካሰረልኝ ይበቃኛል» አልኩት።

ሳቀ። በነጋታው ባዶ ኮንቴይነር ለመመለስ ወደ አዲሱ ወደብ ወረደ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ለዓመታት የሠራው በድሮው ወደብ መስመር ነው፤ ኩርባውን ሁሉ ያውቀዋል። በኋላ አዲስ ወደብ ተከፈተ። የድሮውን ደንበኞች ለመውሰድ ዋጋ ቀነሰ፣ ዕቃ ያለ ኪራይ የሚቆይበትን ቀን አረዘመ፣ መኪና ሳይሰለፍ ይጫናል አለ። ማስታወቂያውን ከስልኩ ላይ ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

«ቁልቁለቱ አስፋልት ያልነካው ፒስታ ነው፤ አላውቀውም» አለ።

«እዚያ ወረፋ የለም። ቶሎ ቶሎ ትመጣልኛለህ።»

«ነገ ቢለውጡትስ?»

«ታወጀ እኮ!»

ሁለታችንም ያደግነው ጓሳ ዳር ነው። እኛ ዘንድ ሳሩ ተዘግቷል ከተባለ ለዓመታት ማንም አይነካውም፤ ተከፍቷል ሲባል ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል፤ ቃሉን ያፈረሰ ይቀጣል። ወደብም እንዲያ መሰለኝ። የወደቦቹን ቃል የሚጠብቅ ሽማግሌ እንደሌለ አላሰብኩም።

በድሮው ወደብ የነበረውን የጭነት ተራ ለቆ ወደ አዲሱ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የድሮው ወደብ በተራው ዋጋ ሰበረ፤ አስመጪዎቹ ጠቅልለው ተመለሱ። የሾፌሮቹን ተራ ግን ለሌላ ሰጥቶባቸው ነበር። ለባለቤቴ የቀረለት ሥራ አስመጪዎቹ ትተዋቸው የሄዱትን ባዶ ኮንቴይነሮች መመለስ ሆነ። ያን ፒስታ ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። የሞተው ለባዶ ብረት ነው።

ለቅሶ ከመጡት አንዱ የወደብ ዕቃ አስተላላፊ ነበር። ያጽናናኝ መሰለው።

«እትዬ፣ ውድድሩ እኮ ለሕዝቡ ይበጃል። ዕቃ ይረክሳል።»

«ከዘመሮ ገበያ ለለቅሶው ሳሙና አስገዝቼ ነበር» አልኩት፤ «አልረከሰም።»

አጎንብሶ ንፍሮውን መብላት ቀጠለ።

ወደቦቹ ዛሬም ደንበኛ ይሻማሉ አሉ። እኔ የገመዱን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አስሬ ብቻዬን እገምዳለሁ።