ቀይ ነጥብ ያለባት ማዞሪያ

ባሌ «ድምፁን ልጨምርልሽ?» ሲለኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እሱ ረስቶታል፤ ወይም የረሳ ይመስላል። እኔ ግን አልረሳሁም፤ ልርሳም ብል እሺ አይለኝም።

ነገሩ የጀመረው ከአማቴ ጆሮ ነው። ቆቦ ውስጥ በምንኖርበት ቤት አማቴም አብረውን አሉ። አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና ጆሯቸው ከበድ ይላል። ማለዳ መንዙማ ሲከፍቱ ድምፁ ከክፍላቸው አልፎ፣ ማድቤቱን አልፎ፣ አስፋልት ማዶ ያለው ጎሚስታ ቤት ይደርሳል። ባሌ ምሳ ሰዓት ላይ ዜና ልስማ ይላል፣ ከእናቱ ሬዲዮ የተነሳ የራሱን አይሰማም። እኔ ያኔ እርጉዝ ነኝ፣ ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል። «ኧረ እማማ ትንሽ ይቀንሱት!» ስላቸው «ምን አልሽ?» ይሉኛል። ስደግመው «እሺ እጨምርልሻለሁ» ይላሉ። ወላሂ አልዋሸሁም።

ታናሽ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣ አንድ ቀን ይህን ጭቅጭቃችንን ቁጭ ብሎ ሰማና ሳቀብን። ሥራው ኤሌክትሪክ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ አዲስ ቤት ሲሠራ ሽቦ የሚዘረጋው፣ ሠርግ ሲደገስ ድምፅ ማጉያ የሚተክለው እሱ ነው። «እታለም፣ ለዚህ ነው እንዴ የምትጣሉት? ለእኔ ተዉልኝ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥቁር ሳጥን በክንዱ ሥር ይዞ መጣ። የስፒከር ማከፋፈያ ነው አለ። ከአንድ ማጫወቻ የሚወጣውን ድምፅ ለየክፍሉ ያድላል፤ ለሳሎን፣ ለአማቴ ክፍል፣ ለማድቤት፣ ለእኔ መኝታ ቤት። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መጫኛና አንድ ማዞሪያ አለው። መጫኛው ገባ ካለ ያ ክፍል ይሰማል፣ ወጣ ካለ ዝም ይላል። ማዞሪያው ደግሞ የዚያን ክፍል ድምፅ ብቻ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላውን አይነካም። አማቴ እንደ ልባቸው ሲያስጮኹት እኔ ጋ እንደ ሹክሹክታ ይደርሳል ማለት ነው። ተአምር ነው ያልነው።

ሳጥኑን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠው። «የቱ የማን እንደሆነ ትረሱታላችሁ» ብሎ የጥፍር ቀለሜን አንስቶ የእኔ ማዞሪያ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገባት።

«የሌሎቹስ?» አልኩት።

«ሌሎቹ ራሳቸው ይወቁበት። እኔ ያለችኝ እህት አንድ ናት» አለ።

ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «አራቱንም ከፍታችሁ እስከ መጨረሻ እንዳታስጮኹት፣ ማጫወቻው ይሞቅና ይጠፋባችኋል» ብሎ አስጠነቀቀን። እሺ አልን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም ሆነ። ጠዋት መንዙማ፣ ቀን ዜና፣ ከሰዓት ዘፈን፤ ሁሉም በየክፍሉ በልኩ ይሰማል። ዝም ያለው አንድ ሰሞን ብቻ ነው። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ሞቱና አማቴ ራሳቸው ተነስተው መጫኛዎቹን አንድ በአንድ አወጧቸው፤ ማዞሪያዎቹንም ዜሮ ላይ መለሷቸው። «ጎረቤት አፈር ለብሶ እኛ ቤት ሬዲዮ አይጮህም» አሉ። ለቅሶው እስኪያልቅ እሳቸውም ያለ መንዙማ፣ ባሌም ያለ ዜና ሰነበቱ። የቤቱ ደንብ ይህ ነው፤ ሬዲዮ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው።

ከዚያ ወለድኩ። ወንድ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ። አራስ ቤት ገባሁ፤ ትራሴ ሥር ቢላ፣ በሩ ላይ መጋረጃ። መታጠቢያው ከመኝታ ቤቴ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳሎን የሚያወጣኝ ጉዳይ የለም። ወንድሜ በሁለት በሦስት ቀኑ «ሽቦውን ልየው ብዬ ነው» እያለ ይመጣል። ሽቦው ምን ሆነና? ልጁን ሊያይ ነው እንጂ። ጣቱን ያስጨብጠውና «ቶሎ እደግና ፒንሳ ታቀብለኛለህ» ይለዋል። ለአርባዬ የሚታረደውንም በግ «ከዋጃ ገበያ እኔ ነኝ የማመጣው፣ ማንም እንዳይገዛ» ብሎ ነበር።

አንድ ጠዋት ባሌ ገባ። ዓይኔን አላየኝም። ሕፃኑን አቀፈና «ስልክሽን ልውሰደው፣ ጨረሩ ለልጁ ጥሩ አይደለም ይላሉ» አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ «ድምፁንስ ልጨምርልሽ?» አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! ያ ዕድሜውን ሙሉ «ቀንሱት፣ ቀንሱት» ሲል የኖረ ሰው! «ዛሬ ምን ታየህ?» ብዬ ሳቅኩበት። ሳሎን ወጥቶ፣ ወንድሜ የምወዳቸውን ዘፈኖች የሞላልኝን ፍላሽ ሰክቶ ጨመረልኝ። መለስ ብሎም በሩን ገጥሞ ዘጋው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፁ ከፍ እንዳለ ቀረ። ሕፃኑ ለመደው፣ እሹሩሩም አላስፈለገው። እኔም ምን ሥራ አለኝ፣ አብሬ እዘፍናለሁ። ድምፄ ቆንጆ ነው፤ ሠርግ ላይ ተጠርቼ የማስጨፍር ሴት ነኝ፣ ቆቦ ይመስክር። አንድ ቀን እንደውም እያጨበጨብኩ ስዘፍን አማቴ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝና መልሰው ዘጉት። ቀኑብኝ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ጎብዬ ነው የምትኖረው፤ እየተመላለሰች ታጎርሰኛለች። ያን ሰሞን ጥቂት ቀን ቀረችና ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለችኝ።

«ያ ልጅሽስ የት ጠፋ?»

«ሰመራ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በድንገት ነው የጠሩት።»

«ሳይሰናበተኝ? መደወልስ?»

«ኔትወርክ የለም አሉ።»

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አፌ ክፉ ነው። «ይህ ከሀዲ! ይህ ሆዳም! ለብር ብሎ የእህቱን ልጅ ረሳ! ይምጣ ብቻ፣ ጆሮውን ነው የምቆርጠው!» አልኩ። እናቴ ገንፎውን እያጎረሰችኝ ፈገግ አለች። «እሰይ፣ ስደቢው» አለችኝ። በማግስቱ ስትመጣ ገና ከመቀመጧ «ዛሬስ አትሰድቢውም?» አለችኝ። እኔም አላሳፈርኳት። በየቀኑ አዲስ ስድብ እያዘጋጀሁ ጠበቅኳት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ባሌ ሱቁ ነው፣ አማቴ ክፍላቸው ውስጥ ሰላት ላይ ናቸው። ዘፈኑ ሲቀየር ድንገት ጮኸና ሕፃኑ በርግጎ አለቀሰ። በዚያ ድምፅ ሰው ብጠራ ማን ይሰማኛል? አራስ ያለ ብረት ከክፍሏ አትወጣምና ቢላዬን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ልቀንሰው ጎንበስ አልኩ።

ሦስቱ መጫኛዎች ወጥተዋል። ሦስቱ ማዞሪያዎች ዜሮ ላይ ናቸው። የገባው የእኔ ብቻ ነው፤ ቀይ ነጥቧ እስከ መጨረሻው ዞራለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። አማቴ ያለ መንዙማ? ባሌ ያለ ዜና? ቀና ስል ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩትን የቅሬ አግዳሚ ወንበሮች አየሁ። ዕድሩ ለለቅሶ ቤት ብቻ ነው የሚያወጣቸው። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ቤቱ በሙሉ ለቅሶ ላይ ነው፤ ያልተረዳው የእኔ ክፍል ብቻ ነው።

ማን ሞተ? አማቴ ከክፍላቸው ሲያስሉ ይሰማኛል። ባሌን ጠዋት አይቼዋለሁ። እናቴ ትናንት አጉርሳኛለች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እንዲህ እያልኩ ሄጄ ሄጄ ያልመጣው ላይ ደረስኩ። ሽቦውን ሊያይ ያልመጣው። ቢላው ከእጄ ወደቀ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። መርዶ ለአራስ እንደማይነገር አውቃለሁ። ወተቷ ይደርቃል ይባላል። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ግን ደንብ ደንብ የሚመስለው በሌላ ሰው ላይ ሲሆን ነው። በኛ አገር ወንድም ሲሞት እህት ናት የምታስለቅሰው። ሬሳው ሲወጣ ሥራውን እየቆጠረች፣ መልኩን እየጠራች ሰውን የምታስነሳው እሷ ናት። ሸሆቹ «ድምፅ ቀንሱ» ይላሉ፤ እህት ግን አትቀንስም። እኔ ምን ሳደርግ ነበር? እያጨበጨብኩ! እነዚህ ወንበሮች ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ለቅሶዬን ነው የቀሙኝ። የቀሙኝም በእሱ ሳጥን፣ በእሱ ፍላሽ፣ እሱ በቀባት ነጥብ ነው።

የወጡትን መጫኛዎች በሙሉ ገፋኋቸው። ማዞሪያዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ አዞርኳቸው። ይቃጠል! ቤቱ ተናወጠ። አማቴ ከክፍላቸው ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ያን ጊዜ እንኳ ደህና አድርገው ሰሙ። አዩኝ፣ ወንበሮቹን አዩ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

በዚሁ መሀል እናቴ የግቢውን በር ከፍታ ገባች። በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙዝ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ለካ በየቀኑ ማድቤት ገብታ ልብሷን ቀይራ ነው ወደ እኔ የምትመጣው። ስታየኝ ወደ ማድቤቱ ልትታጠፍ አለች። ያኔ ማጫወቻው፣ እሱ እንዳለው፣ ሞቆ ጭጭ አለ።

«አትቀይሪው!» አልኳት።

ባለችበት ቆመች። «ማን ነገረሽ?» አለች።

«ራሱ ነገረኝ» ብዬ ወደ ሳጥኑ ጠቆምኩ።

ሮቢት መንገድ ላይ መኪና ከነሞተር ሳይክሉ ገጭቶት ነው አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ጎብዬ ተቀበረ። ባሌ ድምፁን ልጨምርልሽ ያለኝ ጠዋት ማለት ነው።

«ወተትሽ እንዳይደርቅ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ አማቴ።

«ወተቴ! ላም አደረጋችሁኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ስዘፍን እንኳ አንድ ሰው ዝም በይ አይለኝም?»

«ምን ብለን? ለቅሶ የመጣው ሰው አንቺን እየሰማ ነው ያለቀሰው» አሉ።

ይህ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። ወደ እናቴ ዞርኩ። «እሺ እነሱ ባዳ ናቸው። አንቺስ? ጎኔ ተቀምጠሽ፣ እያጎረስሽኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ! ስደቢው ስትይኝ እንዴት አስቻለሽ? የሞተ ወንድሜን በአፌ አስበላሽኝ!»

እናቴ ፔርሙዙን መሬት አስቀመጠች፤ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች።

«ጎብዬ ሰው ሁሉ አላህ ይርሐመው ይለኛል» አለች። «እዚህ ስመጣም ሳሎን የተቀመጠው ሁሉ እንዲሁ ይለኛል። አንቺ ጋ ስገባ ግን ትሰድቢዋለሽ። የሞተ ሰው አይሰደብም። አንቺ ስትሰድቢው ልጄ ሰመራ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ከክፍልሽ እስክወጣ ድረስ አለልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች፣ «እንደ ትናንቱ ስደቢልኝ።»

ይቅር አላልኳትም። እሷንም፣ ባሌንም፣ አማቴንም ያን ቀን ይቅር አላልኳቸውም፤ ዛሬም ከልቤ አልወጣልኝም። ግን እናቴ ናት። አፌን ከፈትኩ።

«ይህ ከሀዲ» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። «ይህ ከሀዲ፣ ሳይሰናበተኝ የሄደ! ይህ ሆዳም፣ በግ አመጣለሁ ብሎ የቀረ! ፒንሳውን ማን ያቀብልህ? ሽቦውን ማን ይየው? ና ጆሮህን ልቁረጠው! ና!»

እናቴ ደረቷን መታች። አማቴ ጮኹ። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ሲገባ እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ የማውቀውን ስድብ ሁሉ እየጠራሁ ነበር፤ ሰዉም አብሮኝ አለቀሰ፣ አንድም ሰው ቀንሺ አላለኝም። ወንድሜን ያለቀስኩት እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ልታነሳኝ ስታቅፈኝ «ኧረ ቀሚስሽ!» አለች። ዝቅ ብዬ አየሁት። ደረቴ በወተት ርሷል።