ወለሉ ላይ የተቆፈረው ገበጣ

ቅዳሜና እሁዱን ሙሉ ዘነበ። መብራት ጠፍቷል፣ የልጄ ታብሌት ቻርጅ ጨርሷል፤ የምትሆነውን አጥታ ትቁነጠነጣለች። ትንሽ አየር ይግባ ብዬ የበረንዳውን በር ስከፍት፣ ከታች ለአዲስ ሕንፃ ከተቆፈረው መሬት የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። ይዞኝ ወዳደግኩበት ጌጃ ሰፈር ሄደ።

ያኔም ክረምት ነበር፣ ያኔም እሁድ። አባቴ ግድግዳ ላይ በከሰል ስንሞነጫጭር ካየን በቀበቶ የሚገርፍ ሰው ነበር። የዚያን ቀን ግን የፕላስቲኩን ምንጣፍ ጠቀለለና የአፈሩን ወለል በማንኪያ ይቆፍር ጀመር።

"ኑ፣ ገበጣ ላስተምራችሁ" አለን። እኔና ወንድሜ በደስታ አበድን።

እናቴ ከጓዳ ብቅ ስትል ክው አለች። "ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ስንት ለፍቼ የለሰንኩትን!"

"ተይው፣ ይጫወቱበት" አላት ቀና እንኳን ሳይል። "ከእንግዲህ ለማን ብለሽ ነው?"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እኔ ለመጫወቻ የሰጠኝን ባቄላ እቆጥራለሁ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ጉድጓዶቹን በጭቃ ደፍና ወለሉን እንደገና ለሰነችው። በሳምንቱ ሰፈሩን የሚያፈርሰው ዶዘር መጣ። ያን ዕለትም ቢሆን ቤቷን ጠርጋ ነው የወጣችው።

ይህን ስነግራት ልጄ ወጥ ቤት ሮጣ ማንኪያ ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ የት ጋ እንቆፍር?"

ሴራሚኩን አየሁት። አከራያችን ምስማር እንኳን አያስመቱንም።

"አይቻልም" አልኳት። "ቤቱ የሰው ነው።"