በቀኝ በኩል የምትቀመጠው ልጅ

በሰኔ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀመጥን። ውጭ ካፊያ አለ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ነውና አጥንት ድረስ ይገባል። ከፊታችን ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ትልቅ ካርታ በፕላስተር ሰሌዳው ላይ ለጥፏል። ካርታው ላይ ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍል ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነስቶ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ወርዶ፣ ወንዙ ጋ ይቆማል።

«ከመስመሩ በላይ ያሉ ልጆች እዚሁ ይቀጥላሉ» አለ ባለሙያው። «ከመስመሩ በታች ያሉት ከመስከረም ጀምሮ ከአስፋልቱ ማዶ በተሠራው አዲሱ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እዚህ ያለውን መጨናነቅ እናንተም ታውቁታላችሁ።»

የኔ ቤት ከመስመሩ በታች ነው።

ልጄ አንዲት ናት። በሦስት ዓመቷ በጆሮ ሕመም ታማ ግራ ጆሮዋ ጨርሶ አይሰማም፤ ቀኙ ቢሆን ጠጋ ብለው ካላናገሯት አያስተማምንም። ከአስፋልቱ ማዶ መማር ማለት ጠዋትና ማታ ያንን መንገድ መሻገር ማለት ነው። ጣርማ በርን አልፈው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ከተማ መግባታቸው ትዝ የሚላቸው ከተማውን ሊጨርሱ ሲሉ ነው። በክረምት ደግሞ ጉሙ ሲወርድ መኪናው የሚታወቀው በድምፁ ብቻ ነው። የማትሰማ ልጅ በጉም ውስጥ አስፋልት ስትሻገር ምን ሊደርስባት እንደሚችል ለማየት እናት መሆን አያስፈልግም።

እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል፤ ራሴም አልወደውም። ያን ቀን ግን ቀጠነ አልቀጠነ ብዬ አላሰብኩም። ተነስቼ አስፋልቱን፣ መኪኖቹን፣ የልጄን ጆሮ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድ ከመስመሩ በላይ የሚኖር አባት ቀስ ብሎ፣ «የእኛም ልጆች በአንድ ዴስክ ለአምስት ሆነው ነው የሚማሩት። ሁሉም ልጄን እዚህ ላስቀር ካለ አዲሱ ትምህርት ቤት ለማን ተሠራ?» አለ። እውነቱን ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ፣ «እርስዎ ከመስመሩ በላይ ስለሆኑ ቀለለዎት» አልኩት። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ካርታውን ይቅደዱት ይላል፣ ሌላው ቀበሌው ተሽጧል ይላል፣ አንዷ ታለቅሳለች። ባለሙያው ላብ በላብ ሆነ፣ በዚያ ብርድ።

ሲቸግረው፣ «እሺ፣ ከመስመሩ በታች ካሉት የሰፈሩ ነባር ነዋሪ የሆኑትን እዚህ ማስቀረት እንችላለን። ግን ማን ነባር እንደሆነ በምን እንወቅ? የቀበሌው መዝገብ አሮጌ ነው፤ ግማሹ ሰው ለቅቋል» አለ።

መልሱ በእጄ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ፤ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬም ከስድስት ዓመት በፊት የእድራችን ጸሐፊ ሆኛለሁ። የአባላቱን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ስም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።

«የእድሩ መዝገብ አለ» አልኩ። «ይሄን ሰፈር ሰፈር ያደረገው ካርታ አይደለም። አብረን የምንቀብር፣ አብረን ድንኳን የምንተክል ሰዎች ነን። በእድሩ የተጻፈ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ያልተጻፈ አይደለም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ጨመርኳት። ሰዉ አጨበጨበ። የእድራችን ዳኛ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ከፊት ወንበር ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለሙያው እፎይ ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፈው፤ ልጄ እዚህ እንድትቀር ጠያቂ ሆኜም ፈረምኩ። በዚያው ቀን ሱቄን ከፍቼ መዝገቡን ገጽ በገጽ ኮፒ አደረግሁና ማኅተም አስመትቼ አስረከብኩ። ወደ ቤት ስመለስ መሬቱን የረገጥኩት አይመስለኝም።

አሁን ስለ ተከራዬ ልናገር። ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት አለች። ከአንኮበር በኩል ነው የመጣችው፤ ባሏ የለም፣ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሴት ልጇ ከኔ ልጅ ጋር እኩያ ናት፤ ሁለቱም ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ ማለፋቸው ነበር። ክፍል ውስጥ የሷ ልጅ ሁልጊዜ ከኔ ልጅ በቀኝ በኩል ትቀመጣለች። መምህሯ የተናገረችውን ዝቅ ባለ ድምፅ በጆሮዋ ትደግምላታለች፤ ስሟ ሲጠራ በክርኗ ነካ ታደርጋታለች። ይሄን ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን መምህራቸው ሱቅ መጥታ፣ «እትዬ፣ ልጅሽ ሁለት አስተማሪ ነው ያላት» ስትለኝ ነው ያወቅሁት።

የስብሰባው ዕለት ተከራዬ ሥራ ገብታ ነበር። ማለዳ ስትወጣ በሬን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ እኔ ፈረቃ ነኝ። የኔንም ጨምረሽ ተናገሪልኝ» አለችኝ።

«አታስቢ» አልኳት።

ስሟ መዝገቡ ውስጥ የለም። የእድራችን ደንብ ተከራይ ሲገባ አንድ አባል ዋስ እንዲሆነው ይጠይቃል፤ ሰው ገብቶ ገብቶ በወሩ እየለቀቀ ስላስቸገረ የወጣ ደንብ ነው። በመጣች በዓመቷ ዋስ ሁኚኝ ብላ ጠየቀችኝ። «ትንሽ ቆይ፣ እስኪ እንተዋወቅ» አልኳት። በሌላ ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ፤ «ከፋሲካ በኋላ» አልኩ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም የሚል ነበር። ሦስተኛ አልጠየቀችም። ባለፈው ዓመት አባቷ አንኮበር ሲሞቱ ቀብራ ተመልሳ እዚህ ለቅሶ ተቀመጠች። ድንኳን አልተተከለላትም፣ አግዳሚ አልመጣላትም። በዚያች ጠባብ ክፍል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሦስት ቀን ሰው ተቀበለች። እኔ ምግብ ይዤ ገባሁ፤ ጥሩ ጎረቤት ነኝ ብዬም አሰብኩ።

መዝገቡን ኮፒ ሳደርግ ስሟ አለመኖሩ አልታየኝም። ከዚያ በፊትም ጎድሎብኝ አያውቅም ነበር።

ዝርዝሩ ሐምሌ አጋማሽ ላይ በትምህርት ቤቱ በር ተለጠፈ። ከሱቄ መስኮት ሆኜ ሰው ሲጋፋ አያለሁ። የልጄ ስም እንዳለበት ገና ሳይለጠፍ አውቀዋለሁና አልቸኮልኩም። ተከራዬ ዣንጥላዋን አጥፋ ከሰዉ መሀል ስትገባ አየኋት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ወሰደች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ያኔ ነው የገባኝ።

መንገዱን ተሻግራ ወደ ሱቄ መጣች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፣ ቁጣ እንኳ። ከፕላስቲክ ቦርሳ የልጇን ካርድና የልደት ምስክር ወረቀት አወጣች።

«ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጊልኝ፣ እትዬ። ማዶ ለማስመዝገብ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ እጄ ግን ማሽኑ ላይ አላስቀመጠውም። «ቆይ» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «መዝገቡ እኔ ጋ ነው ያለው። ዛሬውኑ ስምሽን እጽፈዋለሁ። በአንደኛው ገጽ ግርጌ ቦታ አለ፣ እስክሪብቶውም ያው ነው። ገጽ ተዘሎ ቀርቷል ብዬ አዲስ ኮፒ አስገባለሁ። ማንም አያውቅም።»

ቦርሳውን አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ዋስ የሚሆነኝ ማን ነው?»

«እኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ አባል ነበረች ልትዪ ነው?»

«ከመጣሽበት ዓመት።»

«እንግዲያው አባቴ ሲሞት አባል ነበርኩ» አለች። «ድንኳኑ ታዲያ ለምን አልመጣም ብዬ ልጠይቅሽ?»

አስከትላ፣ «የምትጽፊኝ ለኔ ልጅ ነው ወይስ ለራስሽ ልጅ?» አለችኝ። ለሁለቱም ብዬ ለመዋሸት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለልጄ ነበር። በዚያች ደቂቃ እንኳ የሷ ልጅ አስፋልት መሻገሯ ሳይሆን ከልጄ በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ነበር የታየኝ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ኮፒውን አድርጊልኝ» አለች። «የሥራ ሰዓቴ ደርሷል።»

አደረግሁላት።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ በሁሉም ፊት፣ ዋስ ሁኚኝ ብላ የለመነችኝን ሴት ሳጉላላ መቆየቴን ተናገርኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንቴ ጠየቀችሽ?»

«ሁለቴ።»

«ለቅሶ ተቀምጣ የነበረችው ናት?»

«እሷ ናት፣ ጋሼ።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትጻፍ። ወደ ኋላ ግን አይጻፍም። በመዝገብ ከዋሸን ነገ ማን ያምነናል?» አሉ። ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ፤ በትሕትና ዝርዝሩ መጽደቁን፣ ከእንግዲህ አንድ ስም ቢጨመር ያልተጻፈው ሁሉ በሩ ላይ እንደሚሰለፍ አስረዳኝ። እዚያው እያለሁ፣ «እንግዲያው የኔም ልጅ ማዶ ትሂድ፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገራሉ» አልኩት። ከፋይሉ ቃለ ጉባኤውን አወጣና ወደኔ አዞረው። «እዚህ እንድትቀር የጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ በዚያው ጸድቋል። ፊርማዎ ነው፣ አይደል?»

የኔው ነበር፤ ጽሕፈቱም ያምራል።

መስከረም ገባ። ትምህርት በተጀመረበት ጠዋት ሁለቱ ልጆች እንደ ወትሯቸው በአንድ በር ወጡ። የኔዋ ወደ ላይ መታጠፍ እንዳለባት ነግሬያታለሁ። ጓደኛዋ ወደ ታች ስትሄድ ግን ተከትላት ሄደች፤ ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሼ ክንዷን ያዝኳት። ምክንያቱን በቀኝ ጆሮዋ ደጋግሜ ነገርኳት። የሰማች መስላ ፈገግ አለች፤ ሳትሰማ ስትቀር የምትስቀው ሳቅ ነው። መምህሯን ለምኜ ሌላ ልጅ በቀኝ በኩል እንድታስቀምጥላት አደረግሁ። ያቺ ልጅ በሳምንቷ ሰልችቷት ወደ ጓደኞቿ ሄደች፤ አልፈርድባትም። ልጄ ማታ ማታ የምታመጣው ደብተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ብቻ አለበት። መምህሯ በአፏ የተናገረችው የለም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቄን ዘግይቼ ነው የምከፍተው። መጀመሪያ ልጄን አደርሳለሁ፤ ከዚያ ዳቦ ቤቱ ጋ የምትጠብቀኝን የተከራዬን ልጅ ይዤ ወደ አስፋልቱ እወርዳለሁ። እናቷ አልጠየቀችኝም፤ ይሄን አላደርግም ብል የምትቀየመኝም አይመስለኝም። ልጅቷ የመኪና ድምፅ ከኔ በላይ አጣርታ ትሰማለች፤ ጉም ውስጥ ሆና የጭነቱን ከአውቶቡሱ ትለየዋለች። ቢሆንም እጇን ትሰጠኛለች፤ ያዝ አድርጌ አሻግራታለሁ።

ማዶ ደርሰን እጇን ስለቅላት በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ በቀኟ ማን ተቀመጠ?»

እስካሁን የምነግራት ስም የለኝም።