ባለ ጣሪያው ድልድይ

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ስሠራ፣ አናጢው ጋሽ አብዶ ባደግኩበት በመሰላ የነበረውን ድልድይ ክንድ በሚያህል መጠን በእንጨት ሠርተውት አገኘሁ። የጋሽ አብዶ ወንድም ሲሻገርበት ጎርፍ ከነሰውየው የወሰደው፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ድልድይ ነበር። ጠባብና ጨለማ ስለነበር ማንም ሳይጣራ አይገባም፤ ውስጥ ሰው ካለ ይመልስለታል።

እኔም ለቀልድ ጎንበስ ብዬ፣ በትንሹ ድልድይ አፍ እንደ ድሮው «መጣሁ» አልኩ።

«ቆይ፣ ገና አልወጣሁም» አለኝ የወንድ ድምፅ ከውስጥ።

ጋሽ አብዶ ናቸው እንዳልል፣ አፋቸው ሙሉ ሚስማር ነው። ሚስማሩን መዳፋቸው ላይ ተፉት።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «ያበድኩ መስሎኝ ነበር።»