ሄዳ ሞተች

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ሱፍ እያፍታታሁ ነበር። የአባቴ እህት እትዬ ዘርፌ ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆነውን ሱፍ ሲፈትሉ፣ እኛ ሴቶቹ ልጆች ምድጃውን ከበን የተቋጠረውን እናፍታታለን፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው በኩራዙ ብርሃን አፍ አፋቸውን እናያለን። ያኔ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እትዬ ዘርፌ የመንደራችን አዋላጅ ነበሩ፣ ምላሳቸውም የሚምር አልነበረም። ተረታቸው ሁሉ ስለ ወላድ ነበር።

«ማርያም ምጥ የያዛት ሴት ቤት ትመጣለች» ይሉ ነበር። «መደቡ ግርጌ ቁጭ ትላለች፤ ገንፎው ሳይቀመስ አትነሳም። አንዲት ቀበጥ ግን ሐኪም ቤት ካልወለድኩ ብላ ወንዝ ተሻገረች። እዚያ እግሯን ሰቅለው ጎረምሳ አፈጠጠባት። ማርያም ማርያም ብትል ማን ይስማት? ማርያም እንደሁ ባዶ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች!»

እኛ እንሳቀቃለን። ታላቅ እህቴ ሙሉነሽ «ውይ፣ እኔስ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም!» ትላለች፤ እሳቸውም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» ይሏታል።

ሙሉነሽ አግብታ የመጀመሪያዋን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ፣ እናታችን ቤት መጣች። ምጥ ጀምሯት አደረች። በማግስቱም ልጁ አልመጣም። እናቴ ጭንቅ ብሏት «መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ብትል፣ እትዬ ዘርፌ «ቆዪ እስቲ! ሞት የመጣ አስመሰልሽው እኮ!» አሏት። እህቴም የቤቱን ምሰሶ በሁለት እጇ ጨምድዳ «አልወጣም! እመቤቴ እዚህ ናት፣ ጥያት የት እሄዳለሁ!» እያለች ጮኸች። ጣቶቿን ማን ያላቅቃቸው!

ምሰሶውን የለቀቀችው አቅሟ ሲያልቅ ነው። ያኔ ወንዶቹ በቃሬዛ አነሷት፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርዱም የመንዝ ብርድ ነው። ሐኪም ቤት ስትደርስ ሕፃኗን በሕይወት አወጧት፣ የእህቴ ደም ግን አልቆም አለ። ነጭ የለበሰችው ሴት እናቴን «ምነው ትናንት ባመጣችኋት!» አለቻት። ሙሉነሽን በሄደችበት ቃሬዛ መለሷት።

አርባዋ ወጥቶ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ እትዬ ዘርፌ እንዝርታቸውን አነሱ። «አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ቤቷን ጥላ ሐኪም ቤት ሄዳ ሞተች።» ስም አልጠሩም።

ደሜ ፈላ። «ቆይታ ነው እኮ የሄደችው!» አልኩ።

እናቴ ጭኔን መዘለገችኝ። «ዝም በይ! ልጄን የበሏት እነዚያ ሐኪሞች ናቸው!» አለችና እንባዋን ጠረገች። ተረቱ ለእናቴ ቀለላት። እንዲያ ባይሆን «ቆዪ እስቲ» ሲሏት ለምን እንደቆየች ዕድሜ ልኳን ራሷን ልትጠይቅ ነው። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን ሁለቱንም ጠላኋቸው።

ሕፃኗን ማስረሻ አሏት። እዚያው ምድጃ ዳር፣ የእናቷን ሞት እንደ ተረት እየሰማች አደገች። እትዬ ዘርፌ አርጅተው ሞቱ። ዛሬ የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ አምቡላንስም ከተደወለለት ይመጣል። ማስረሻ ግን አርግዛ «ሐኪም ቤት አልሄድም» አለች ቢሉኝ ከምኖርበት ደብረ ብርሃን ሄድኩባት።

«እናቴ ሄዳ አይደል እንዴ የሞተችው?» አለችኝ።

«ቆይታ፣ ማስረሻዬ። ቆይታ ሄዳ ነው።»

«አክስቴ ሙች፣ እንዲህ የምትይው አንቺ ብቻ ነሽ። እናቴን የሚያውቃት ሰው ሁሉ ሄዳ ሞተች ነው የሚለው።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እሷ ደግፋ አነሳችኝና ጠላ ቀዳችልኝ። ከእነዚያ የተረት ምሽቶች ለእኔ የተረፈችኝ ያቺ አንዲት «ቆይታ» ናት፤ እሷንም የሚቀበለኝ አጣሁ። ማስረሻ ወሯ ገብቷል።